ጥላ የለመደ ሾፌር

ፍሪጁ ዛሬም ሞቶ አደረ። ሾፌሩ ክዳኑን ከፈተና ውስጥ ያስቀመጣትን የውሃ ጠርሙስ ነካት፤ ለብ ብላለች። አይ መከራ! ክዳኑን መልሶ ዘጋና እዚያው ሚኒባሷ ወለል ላይ፣ በአልጋውና በትንሿ የጋዝ ምድጃ መካከል ቁጭ አለ። የመነሳት ፍላጎት አልነበረውም። የደከመው ጉልበቱ ብቻ አይደለም፤ ተስፋ ማድረጉ ራሱ ደክሞታል።

"እሺ፣ ምን አለ?" አለች ሚስቱ ከቤቱ ደጃፍ።

"ምን ይላል? ዝም ነው።"

"ውሃዋስ?"

"ፊትሽን ልትታጠቢባት ትችያለሽ።"

ሳቀች። ይህች ሴትዮ ሲከፋት ነው የምትስቀው፤ ሾፌሩ ይህን ስለሚያውቅ ሳቋን ሲሰማ አንገቱን ደፋ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰውዬው ዕድሜውን የጨረሰው በአገር አቋራጭ አውቶቡስ መሪ ላይ ነው። በስሙ የሚጠራው የለም፤ ሚስቱም፣ ጎረቤቱም፣ ዳቦ ሻጯም "ሾፌር" ነው የሚሉት፤ እሱ ጡረታ ሲወጣ ስሙ አብሮት አልወጣም። እሱ በበኩሉ ሚስቱን "ተሳፋሪዬ" ይላታል፤ የተዋወቁት አውቶቡስ ውስጥ ነውና። ገና ልጅ እግር ሳለች ከታላቅ እህቷ ቤት ተነስታ ወደ ከተማ ስትመጣ፣ የደረሳት ወንበር ፀሐይ በሚመታው በኩል ሆኖ ራሷን ልትስት ደረሰች። ሾፌሩ በመስተዋቱ አያት፤ አውቶቡሱን ዳር አስያዘ፤ አስነስቶ ከራሱ ጀርባ፣ ጥላ በሚያርፍበት በኩል አስቀመጣት። "እዚህ ሁኚ፤ እኔ እያለሁ ፀሐይ አትነካሽም" አላት። ጎረምሳ ለሴት የማይለው የለም፤ ይህኛው ግን ያለውን አደረገ። ከዚያ ቀን ወዲህ ለእሷ ጥላ ሳይፈልግ መኪና አቁሞ አያውቅም።

ፀሐይ ድሮም አይስማማትም ነበር፤ ኋላ ስኳር ሲጨመርበት ጭራሽ ባሰ። በየቀኑ የምትወጋው ኢንሱሊን ደግሞ ሙቀት አይወድም፤ ቀዝቃዛ ቦታ ካልተቀመጠ ይበላሻል። አንድ ጊዜ እህቷን ልታይ ብላ መድኃኒቷን በረዶ በሞላ ቴርሞስ ይዛ ተሳፈረች። መንገዱ ሁለት ቀን ነው፤ ግማሹ ደግሞ እሳት የሆነ ሜዳ ነው። በረዶው መንገድ ላይ ቀለጠ፤ መድኃኒቱ ተበላሸ፤ እሷም እህቷ ዘንድ ሳትደርስ በማታውቀው ከተማ ሆስፒታል ገብታ ሞታ ተነሳች። ከዚያ ወዲያ ከቤቷ ሶኬት ርቃ አድራ አታውቅም። ሾፌሩ ግን በየሳምንቱ እዚያው እህቷ ደጅ ድረስ ይነዳ ነበር። የሰውን ሁሉ ሚስት ሲያደርስ ኖሮ የገዛ ሚስቱን ማድረስ አቃተው፤ ከእህት ለእህት ሰላምታ ሲያመላልስ ጡረታው ደረሰ።

እህትየዋ ደግሞ እህት ብቻ አይደለችም። እናታቸው ስትሞት፣ ራሷ ገና ልጅ ሳለች ታናሿን አዝላ ያሳደገቻት እሷ ናት። ታዲያ በቅርቡ ስልክ ደወለችና ሳታቅማማ ነገረቻት።

"ልጄ፣ ዓይኔ እየሄደ ነው። ሐኪሞቹ አይመለስም ብለውኛል። ሳይጨልምብኝ አንድ ጊዜ ፊትሽን ልየው።"

"እትዬ፣ አርጅቻለሁ እኮ፤ ምኑን ታይዋለሽ?"

"እሱኑ ነዋ! ያረጀውን ነው ማየት የምፈልገው። የልጅነቱንማ በቃሌ ይዤዋለሁ።"

ሚስትየዋ ስልኩን ዘግታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ጋደም አለች።  ሾፌሩ በማግስቱ የድሮ መሥሪያ ቤቱ ግቢ ሄዶ፣ ጥግ ላይ ተጥላ ስትዝግ የከረመችውን አሮጌ ሚኒባስ ለምኖ እንደ ነገሩ በሆነ ዋጋ አመጣት። ወንበሮቿን ነቅሎ አልጋ ገጠመባት፤ ተሳፋሪዋ ቀኑን ሙሉ መቀመጥ አትችልምና። ምድጃ አስገባ፣ የውሃ በርሜል አሰረ፣ መጋረጃ ሰቀለ። የቀረው ፍሪጁ ነበር። ፍሪጅ ደግሞ መንገድ ላይ ያለ መብራት ምን ይሠራል? ሳጥን ነው።

ሽቦ የመጣው ይኼኔ ነው። ሽቦ ጎረቤታቸው ነው፤ ቀን ቀን አንድ ዱቄት ፋብሪካ ውስጥ የኤሌክትሪክ ጥገና ይሠራል። ስሙን ያወጣለት ሥራው ይሁን ሰውነቱ አይታወቅም፤ ሰውዬው በጎን ሲያዩት የለም።

"ጋሼ፣ ሶላር እንግጠምላት" አለ።

"በምን አቅሜ?"

"አዲስ ግዙ ማን አለዎት? ሰው ከጣለው ላይ እንለቅማለን።"

ለቀሙ። ከተዘጋ ሱቅ ጣሪያ ላይ የወረዱ ሁለት የሶላር ሰሌዳዎች፣ አንደኛው ጠርዙ የተጎመደ፤ ከአንድ ጋራዥ ያገለገለ ባትሪ፤ ከሰሌዳው ወደ ባትሪው የሚገባውን እየመጠነ የሚያስገባ፣ ኮንትሮለር የሚባል ትንሽ ሳጥን። አዲስ የገዙት ፊውዝ ብቻ ነው፤ "በፊውዝ አይቀለድም" አለ ሽቦ። ወፍራም ገመድ ኪስ ስለሚጎዳ ሁለቱን ሰሌዳ አንዱን ከአንዱ አስከትሎ በአንድ ቀጭን ገመድ አወረዳቸው። የሚኒባሷ ዲናሞ ራሱ ሽማግሌ ነው፤ የራሱን ባትሪ ከሞላ እሰየው ብለው ከሞተሩ ጋር አላገናኙትም። ስለዚህ የፍሪጁ ኑሮ በሶላሩ ላይ ብቻ ሆነ።

ይህን ሁሉ የሠሩት በሽቦ የዕረፍት ቀን፣ ሽቦ ቤት ፊት ለፊት፣ መንገድ ዳር ነው። ፍሪጁ በዚያው ቀን ውሃ አቀዘቀዘ። ሚስትየዋ ጠርሙሷን ጉንጯ ላይ ለጥፋ "ወይ ጉድ!" አለች። ሆኖም ቴርሞሱን አልረሳችም።

"እዚሁ ግቢያችን ትቁምና፣ ከቤት መብራት ሳትቀጠል አንድ ሳምንት ውሃ ታቀዝቅዝ። ያን ጊዜ መድኃኒቴን አስገብቼ እሄዳለሁ።"

"ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ" አለ ሾፌሩ።

"አዎ፣ አላምንም። አንዴ አምኜ ሞቼ ነበር።"

ማን ይፈርድባታል? የሚሞተው የእሷ ሥጋ ነው።

እንግዲህ ከዚያ ወዲያ የሆነውን አያድርስ ነው። ሚኒባሷ ግቢ በገባች ማግስት ፍሪጁ ጸጥ አለ። ሽቦ ፀሐይ ጠልቃ ከፋብሪካ ሲወጣ፣ ዱቄቱን ከፀጉሩ ላይ ሳያራግፍ መጣ። ባትሪውን ለካ፤ ባዶ ነው። "ባትሪው ነው ጋሼ፤ ያገለገለ ነገር አይታመንም" አለ። ባትሪ ተለወጠ፤ ያም ጥቂት ሰንብቶ ሞተ። ሽቦ በማታ መጣ። "ገመዱ ነው፤ ቀጥኗል።" ገመድ ተለወጠ፤ ሞተ። "እንግዲያው ኮንትሮለሩ ነው።" ኮንትሮለሩም ተለወጠ፤ አሁንም ሞተ። ሽቦ በመጣ ቁጥር ሚኒባሷ ደጃፍ ላይ፣ ገላጣው መሐል ቆማ ያገኛታል። በስልኩ መብራት ጣሪያዋ ላይ ይወጣል፣ ሰሌዳዎቹን ያብሳል፣ ይደባብሳል፣ ራሱን እየነቀነቀ ይወርዳል። ሾፌሩ ከታች መሰላሉን ይዞ ይጠብቃል። መጀመሪያ ላይ "እህ፣ ተገኘ?" ይለው ነበር፤ ኋላ ኋላ መጠየቁንም ተወው።

በዚህ መካከል እትዬ ትደውላለች። መጀመሪያ የደወለች ጊዜ የግድግዳውን ሰዓት ታነብ ነበር። በሚቀጥለው፣ "ሰዓቱ የት እንደተሰቀለ ነው እንጂ የማውቀው ስንት እንደሆነ አላውቅም" አለች። ከዚያ በኋላ ደግሞ ጎረቤቷን የምትለያት በድምጿ እንደሆነ ነገረቻቸው፤ እየሳቀች ነው የነገረቻቸው፤ ሲከፋው የሚስቅ ዘር ነው መሰለኝ። አንድም ቀን "መቼ ነው የምትነሱት?" ብላ አልጠየቀችም። ሾፌሩን አንጀቱን የሚበላው ይህ ነበር። ብትጠይቀውና ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

አንድ ምሽት ትዕግሥቱ አለቀ።

"አንተ ሰው፣ ፋብሪካውንም እንዲህ ነው የምትጠግነው? ሰዉ ዳቦ መብላቱ ተአምር ነው በለኛ!"

ሽቦ መፍቻውን ከረጢቱ ውስጥ ከተተ። "ጋሼ፣ እኔ የማውቀውን ሁሉ ጨርሻለሁ።"

"እኛንም እኮ ጨረስከን!"

 ሽቦ ጎንበስ ብሎ ከረጢቱን አነሳ፤ የግቢውን በር ቀስ አድርጎ ዘግቶ ወጣ። በሩን በኃይል ቢያላትመው ኖሮ ሾፌሩ ያን ያህል አይቆጨውም ነበር።

ያ ጠርሙሷ ለብ ያለችበት ጠዋት ከዚህ ጠብ በኋላ የመጣ ነው። ሾፌሩ እንደምንም ከወለሉ ተነሳና መሪው ላይ ተቀመጠ። የዕድሜ ልክ ልማዱ ነው፤ ጠዋት ሞተር ያሞቃል፣ ወርዶ ጎማ በእግሩ ይመታል፣ ከዚያ መኪናዋን ከግቢው ጥግ፣ አጥሩን ተደግፎ ከቆመው ዛፍ ሥር ያስገባታል። ሲመሽ ደግሞ አውጥቶ ደጃፍ ላይ ያቆማታል። "ቀን በጥላ፣ ማታ በዓይን ሥር" ይላሉ የእሱ ዘመን ሾፌሮች። ቀን ፀሐይ ቀለሙንና ጎማውን ይበላል፤ ማታ ሌባ መስተዋቱን ይነቅላል። እሱ ያሠለጠናቸው ረዳቶች ሁሉ ይህን እንደ ጸሎት በቃላቸው ያውቁታል። "መኪናውን ፀሐይ ላይ የሚያቆም ሾፌር፣ ልጁን ዝናብ ላይ የሚያቆም አባት ነው" እያለ ነው ያሳደጋቸው።

ዛሬም ልቡ ሌላ ቦታ ሆኖ፣ እጁ ብቻውን መሪውን አዞረና ዛፉ ሥር አስገባት። ደግሞም ተሳፋሪዋ ቀትር ላይ አልጋው ላይ ጋደም እያለች መንገዱን ትለማመዳለች፤ እንዴት አድርጎ ፀሐይ ላይ ያቁማት?

ቤት ገባና ሳይቀመጥ ተናገረ።

"እንሽጣት።"

"ምኗን?"

"ሚኒባሷን። ሽቦ ሰሌዳውን ይንቀልልንና እንሽጣት። አልቻልኩም። እውነቴን ነው፣ ደከመኝ።"

 የሚስቱ ሻንጣ ከበሩ ጀርባ ከተቀመጠ ሰንብቷል። ሄዳ ከፈተችውና ከላይ የነበረውን ሹራብ አወጣች። እህቷ ዘንድ ለብሳው ልትሄድ የገዛችው ነው፤ ቢጫ፣ ዓይን የሚወጋ ቢጫ። ቁጭ ብላ ጭኗ ላይ ዘረጋችው።

"ባለሱቁ ግራጫውን ውሰጂ፣ ለአሮጊት የሚሆነው እሱ ነው ሲለኝ ተጣላሁት" አለች። "ይታያት ብዬ ነበር እኮ።"

ሾፌሩ ሌላ ቃል ከተናገረ እንደሚያለቅስ ገባው። ስልኩን አንስቶ ወደ ግቢ ወጣና ለሽቦ ደወለ። "ና፣ ንቀልልኝ" ብቻ ነው ያለው።

ሽቦ የዕረፍት ቀኑ ነበር። ቀትር ላይ መሰላሉን ተሸክሞ፣ ፊቱን አጨፍግጎ፣ ያኮረፈ ሰው ሆኖ መጣ። የግቢውን በር አልፎ ሁለት እርምጃ ሄደና ቆመ። መሰላሉን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠ።

"ጋሼ።"

"አቤት።"

"መኪናዋን ማን ነው እዚያ ያቆማት?"

"ማን ያቆማታል? እኔ ነኛ።"

"ዛሬ ነው?"

"ዛሬ ብቻ? ሁልጊዜ ነው እንጂ! ቀን በጥላ፣ ማታ በዓይን ሥር።"

ሽቦ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ያዘ። "ጋሼ፣ በሞቴ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ይህ ፍሪጅ ምን እየበላ ነው የሚኖረው?"

"ሶላር ነዋ።"

"ሶላሩስ ምን ይበላል?"

ሾፌሩ መልሱን ሊሰጥ አፉን ከፈተ። ቀና ብሎ የሚኒባሷን ጣሪያ አየ። የዛፉ ጥላ አንደኛውን ሰሌዳ ከዳር እስከ ዳር ሸፍኖታል፤ ከሁለተኛው ላይም ግማሹን ወስዷል።

"ብርሃን እኮ አለ" አለ ድምፁ ቀጥኖ። "ቀን አይደለም እንዴ?"

"ብርሃንማ አለ፤ ጋዜጣ ለማንበብ ይበቃል። ደግሞ ሁለቱን በአንድ ገመድ ነው ያሰርኳቸው። እንደ ጥንድ በሬ ናቸው፤ አንዱ ከተኛ ሌላውም አይራመድም።" ሽቦ መሰላሉ ላይ ቁጭ አለ። "እኔስ ብሆን! ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ እየመጣሁ ደጃፍ ላይ ቆማ አያታለሁ፤ ቀንም እዚያው የምትውል መስሎኝ! አንድ ቀን 'ቀን የት ትውላለች?' ብዬ ብጠይቅ ምን ነበረበት? ባትሪ ገደልኩ፣ ገመድ በጠስኩ፣ ኮንትሮለር ጣልኩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ!"

ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ይባላል። ሾፌሩ ሶላር በፀሐይ እንደሚሠራ ጠፍቶት አይደለም፤ ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። አእምሮው ያወቀውን ግን ለእጁ አልነገረውም። እጁ መሪ ከያዘ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው።

ሚስቱ ወጥታ ደረጃው ላይ ቆማ ሰምታለች። ቢጫው ሹራብ አሁንም በእጇ ነው። ሾፌሩ ዓይኗን ማየት አልቻለም።

"ለእኔ ብለህ ነው" አለች።

"ለአንቺ ብዬ አንቺኑ አስቀረሁሽ።"

"ተው፣ እንዲህ አትበል።"

"ሰዓቱን ታነብ ነበር እኮ!" አለ፤ ድምፁ ተሰበረ። "መጀመሪያ ስትደውል ሰዓቱን ታነብ ነበር።"

ይህን የሚያስተባብል ሰው አልነበረም።  ሾፌሩ አፈረ፤ እንደዚያ ቀን አፍሮ አያውቅም። ጥላው ሥር የቆመችውን መኪና ሲያይ፣ በመንገድ ላይ ሰው ገጭቶ የወረደ ሾፌር የሚሰማው ዓይነት ብርድ በጀርባው ወረደ።

"ሽቦ፣ ያን ቀን የተናገርኩህ..."

"ተዉት ጋሼ። የፋብሪካው አለቃዬም በየሳምንቱ የሚለኝ እሱኑ ነው።" ሽቦ ተነስቶ እጁን ዘረጋ። "አሁን ቁልፉን ይስጡኝ፤ እኔ ላውጣት። የእርስዎ እጅ አይታመንም።"

ሽቦ አወጣት። ገላጣው መሐል፣ አናት በሚበሳ ፀሐይ ላይ አቆማትና ቁልፉን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ሄደ። ሾፌሩ ያን ቀን በየጊዜው ወደ መስኮቱ እየሄደ መኪናዋን ሲያይ ዋለ። ቢችል በልብሱ ይሸፍናት ነበር።

በማግስቱ ጠርሙሷ ቀዝቃዛ ነበረች። በሦስተኛው ቀን ከጠርሙሷ የጠጣ ሰው ጥርሱን ይነዝረዋል። ሚስትየዋ ሳምንቱ እስኪሞላ አልጠበቀችም፤ ቢጫውን ሹራብ ለብሳ ወጣችና መድኃኒቷን በገዛ እጇ ፍሪጁ ውስጥ አስቀመጠች።

"ሳምንት አላልሽም?" አላት ሾፌሩ።

"እትዬ ሳምንት የላትም። ንዳ።"

ቁልፉን ከሽቦ ተቀብሎ ነዳ። ያ ዘመኑን ሁሉ ሲመላለስበት የኖረ መንገድ ነው፤ እያንዳንዷን ጉድጓድ እንደ ጎረቤት ያውቃታል። እሳቱ ሜዳ ሲደርሱ፣ መሐሉ ላይ ብቻውን የቆመው ያ ትልቅ ዛፍ ታየ። የመንገዱ ሾፌሮች ሁሉ ቀትርን የሚያሳልፉት እዚያ ነው፤ የጭነት መኪናውም አውቶቡሱም ከሥሩ ተደርድሯል፤ ለአንድ ሚኒባስ የሚሆን ቦታ ቀርቷል። የሾፌሩ እጅ መሪውን ወደዚያው ማዞር ጀመረ።

"ሾፌር!" አለች ሚስቱ ከአልጋው ላይ።

እጁን መለሰው። መኪናዋን ራቅ አድርጎ ጠራራው ላይ አቆመና ሚስቱን ደግፎ ወደ ዛፉ ወሰዳት። ከሾፌሮቹ መካከል አንድ የድሮ ባልደረባው አይቶት ከትከት ብሎ ሳቀ።

"አንተ! ጡረታ ጭንቅላትህን በላው እንዴ? ጥላ ሞልቶ!"

"ፍሪጅ እያበላሁ ነው" አለ ሾፌሩ።

ባልደረባው ለሌሎቹ በዓይኑ ጠቀሰ፤ "አለቀለት" ማለቱ ነው።  ሚስቱ ጀርባዋን ለግንዱ ሰጥታ አረፈች፤ እሱ ግን ይነሳል፣ ሜዳውን አቋርጦ ሄዶ ፍሪጁን ከፍቶ ይነካል፣ ይመለሳል፣ ይቀመጣል፣ ደግሞ ይነሳል። ሸሚዙ ከጀርባው ተጣበቀ።

"ትንሽ አታርፍም?" አለችው።

"ስንደርስ።"

የደረሱት በማግስቱ፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ትንሽ ዘንበል ስትል፣ ሙቀቱ ግን ገና ሳይበርድ ነው። እትዬ በረንዳዋ ላይ፣ ጥላ ውስጥ ተቀምጣ ነበር። የመኪና ድምፅ ስትሰማ ግድግዳውን እየዳበሰች ተነሳች።

"ሾፌር፣ ከዛፉ ሥር አስገባት! ቦታውን አስጠርጌልሃለሁ!" ብላ ጮኸች።

ሾፌሩ ዛፉን አየ። ሥሩ ተጠርጎ፣ ድንጋዩ ተለቅሞ፣ መኪና የሚያህል ቦታ ተዘጋጅቶለታል። መሪውን ጥብቅ አድርጎ ይዞ አለፈውና ግቢው መሐል፣ ፀሐይ ላይ አቆመ።

ሁለቱ እህትማማቾች በረንዳው ላይ ተቃቅፈው ቆዩ። ከዚያ እትዬ ታናሿን ለቀቀቻትና ፊቷን በእጆቿ ያዘች። ተጠጋች፤ ራቅ አለች፤ አንገቷን ወደ አንድ ጎን ሰበር አደረገች። እጆቿ ግንባሩን፣ ጉንጩን፣ አገጩን ዳበሱ። 

"አልታየኝም" አለች በመጨረሻ።

"እትዬ..."

"ቢጫ ነገር መልበስሽ ይታየኛል። ፊትሽ ግን የለም። ጥላ ውስጥ ሰው ሁሉ አንድ ሆኖብኛል ልጄ። ባለፈው ሰሞን እዚህም ሆኜ ይታየኝ ነበር። አሁን ፀሐይ ላይ ካልወጣ..." ብላ አቆመች። የታናሿን ነገር ታውቃለች፤ አዝላ ያሳደገቻት ልጅ ናት። "ግድ የለም፤ ድምፅሽ ይበቃኛል። ነይ ተቀመጪ፣ መንገድ አድክሞሻል።"

"ባለፈው ሰሞን" የሚለው ቃል ሾፌሩን ደረቱን መታው። አፉ ደግሞ ከልማዱ "ፀሐይ አይስማማትም" ሊል ተከፈተ። ዋጠው።

ሚስቱ ወደ እሱ ዞረች።

"ሾፌር፣ ና ያዘኝ።"

ክንዷን ያዘ። ዕድሜ ልኩን ከፀሐይ ወደ ጥላ ሲወስዳት የኖረውን ሴት ዛሬ ከጥላ አውጥቶ ወደ ፀሐይ መራት። በረንዳውን ወርደው ሚኒባሷ አጠገብ ሲደርሱ ቆመች። ሻርፗን ከራሷ ላይ አወረደችና ቀና አለች፤ ብርሃኑ ሲመታት ዓይኗ ተጨፍኖ እንደገና ተከፈተ።

እትዬ ድምፃቸውን ተከትላ መጣች። የታናሿን ፊት ያዘችና እንደ ሕፃን ፊት አቃንታ ወደ ብርሃኑ አዞረችው። አየችው። ረጅም ጊዜ አየችው።

"አርጅተሻል" አለች።

"ነግሬሽ ነበር።"

"እናታችንን ሆነሻል። ግንባርሽ እሷው ናት። አንቺ አታውቂያትም፤ እኔ ነኝ የማውቃት።" እንባዋ ይወርዳል፤ አትጠርገውም፤ ለመጥረግ ዓይኗን መክደን ሊኖርባት ነው። "ቆይልኝ፣ እንዳትንቀሳቀሺብኝ። ትንሽ ብቻ።"

"ቆሜያለሁ እትዬ። እስክትጠግቢ እዪኝ።"

የሚስቱ ክንድ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ላቡ ከግንባሯ ወደ ቢጫው ሹራብ ይንጠባጠባል። ሾፌሩ ከጎኗ ሆኖ አጥብቆ ደገፋት። ያኔ የራሱ ጥላ ግማሽ ፊቷ ላይ ማረፉን አየ። ክንዷን ሳይለቅ አንድ እርምጃ ፈቀቅ አለላቸው።